የተከራይዬ ልብ ወለድና የዕርቁ ድንጋይ

የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ የተበተነውን የሚሰበስብ የእግዚአብሔር ስም ይክበር። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ፣ ሚሊኒየማችንን ባከበርን ማግሥት፣ ወረታ ላይ በኮምፒውተር ያነበብሁትና በከፊልም የጻፍሁት አንድ ልብ ወለድ ነው።

በዚያ ዓመት ከጓደኛዬ ጋር ተኳርፈን ነበር። ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ጉባኤ የተማርን፣ በማኅሌትም እኔ በቀኝ እርሱ በግራ የምንመራ ነን። በአንድ ክብረ በዓል ዜማ ሳነሣ በመቋሚያው መሬቱን መታ አድርጎ፣ በሕዝብ ፊት፣ "ተሳስተሃል፣ መልስ!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ቀረ። የንስሐ አባቴም ሳልታረቅ ወደ ቁርባን እንዳልቀርብ አስጠነቀቁኝ። ከባለቤቴ ጋር አብረን የምንቆርብ ነንና እርሷም ታገደች። "እርስዎ ዜማ ቢስቱ እኔ ምን አጠፋሁ?" ትለኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ተጋመሰ፤ እኔ ግን ንቅንቅ አላልሁም።

በግቢያችን አንዲት ክፍል የተከራየች፣ ከአዲስ አበባ የመጣች የኮምፒውተር መምህርት ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርታኝ፣ የጻፈችውን ታሪክ አሳየችኝ። ከጽሑፉ መካከል አንዳንዱ ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ ያን ሲጫኑት ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ ታሪኩም አንባቢው በመረጠው በኩል ይሄዳል።

"አንዱን ይምረጡ፣ የኔታ።"

"ስለ ምን አንዱን? ሁሉንም አነባለሁ እንጂ።"

አንድምታ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። እኛ አንዱን ንባብ "አንድም" እያልን አምስት ስድስት ጊዜ ስንፈታ ያደግን ነን፤ አንዱን ፍች ይዞ ሌላውን መዝለል ነውር ነው። ስለዚህ ተደላድዬ ተቀመጥሁና መንገዶቹን ሁሉ በተራ ጀመርሁ።

ታሪኩ ስለ ሁለት የተኳረፉ የማኅሌት መሪዎች ነበር። "ከቤቱ ተቀመጠ" የሚለውን ብጫን፣ የቀኙ መሪ በሬው ጠፍቶበት ሲፈልግ ከጓደኛው ደጅ ደረሰ። "ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረደ" የሚለውን ብጫን፣ ጓደኛው ቀድሞት ፍል ውኃው ውስጥ እስከ አንገቱ ተዘፍዝፎ ጠበቀው። ወደ ሐሙሲት ብልከው፣ የተሳፈረበት መኪና የተበላሸው እዚያው ጓደኛው ደጅ ላይ ነው።

"ልጄ፣ ይህ ልብ ወለድ መውጫ የለውም!"

"መውጫውን እርስዎ ይጻፉ፤ እኔ አያይዘዋለሁ።"

ጻፍሁ። በእኔ ገጽ፣ የግራው መሪ እንደ አገራችን የዕርቅ ሥርዓት ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ "ማረኝ" እያለ ይመጣል። ድንጋዩንም የወፍጮ ድንጋይ አሳከልሁት።

መምህርቷ ሳታስፈቅደኝ ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ ጓደኛዬ ሄደች። ስትመለስ የእርሱን ገጽ አመጣች፦ "የቀኙ መሪ ድንጋይ ፍለጋ ወጣ። በፎገራ ሜዳ ግን ጥቁር አፈር እንጂ ድንጋይ የለምና፣ በጾም ሆዱ እስከ ተራራው ተጓዘ፤ ያገኘውም ቋጥኝ ነው።"

ሳላስበው ሳቅሁ። ወዲያውም ጎርፍ አስነሥቼ የግራውን መሪ ከነድንጋዩ ታንኳ ላይ አወጣሁት፤ ታንኳውን አሰመጥሁበት። እርሱ ደግሞ በማግሥቱ ዋኝቶ ወጣና ድንጋዩን በእኔ በሬ አስጎተተ። እንዲህ ሆነን ሰነበትን፤ ሰላም አንባባልም፣ ገጽ ግን እንላላካለን።

የሆሣዕና ዋዜማ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በሰሞነ ሕማማት መሳሳምም የንስሐ ፍትሐትም የለምና፣ ያ ቅዳሜ ካለፈ የፋሲካው ቁርባንም ለእኔና ለባለቤቴ አለፈ ማለት ነው። መምህርቷ ኮምፒውተሩን ከፈተችልኝ። "ተገናኙ" የሚል አንድ ሰማያዊ ቃል ብቻ አለበት። ተጫንሁት።

"ምነው ባዶ ሆነ?"

"እሱን እኔ አልጽፈውም፣ የኔታ።"

"እርሱስ አይቶታል?"

"ጠዋት አይተውታል።"

በራችንን የምንደግፍበትን ድንጋይ አንሥቼ፣ በጋቢዬ ሸፍኜ ወጣሁ። ከሩዝ መፈተጊያው አጠገብ ስደርስ ጓደኛዬ አንገቱን በእጁ ይዞ፣ እጥፍ ብሎ ሲመጣ አየሁት።

"ወገብህን ነው እንዴ?" አልሁት ደንግጬ።

"ተሸክሜ ነው እንጂ!"

እጁን ከአንገቱ አንሥቶ ዘረጋልኝ፤ ከሩዝ መካከል የምትለቀም አንዲት ጠጠር ናት።

"ይህች ናት ድንጋይ?"

"ሜዳችን ያበቀለው ይኸው ነው። በጥርሴ ነው ያገኘኋት፤ አትናቃት። ያንተስ?"

ጋቢዬን ገለጥሁለት። "ቤትህን ያለ በር መደገፊያ ጥለኸው መጣህ?" ብሎ ሳቀ። "ማረኝ" ያልነው እኩል ነው፤ ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ፋሲካ ሌሊት ከባለቤቴ ጋር ቆረብሁ።

ያ ገጽ ባዶውን ቀርቷል። በየትኛውም ገጽ ያልጻፍሁትን ግን አሁን ልጨምርበት፦ ዜማውን ስቼ ነበር። መቋሚያው መሬት ሲነካ አውቄዋለሁ። ጓደኛዬ ሆይ፣ ይህን ካነበብህ፣ እባክህ መቋሚያህን ድጋሚ አታንኳኳብኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን ሰላም አይለየው፤ ከቤተሰብህም ማንም በኩርፊያ አይሰንብት፤ የጀመርኸውን መንገድ ሁሉ ቸሩ አምላክ ከመልካም ደጅ ያድርስልህ። አሜን።