ለሞተር ሳይክል የተላኩ ሽማግሌዎች

...የኤንጂኑ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልተከተለሽ፣ ይል ነበር ባለቤቴ፣ ቁጢጥ ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ መጀመሪያ... መጀመሪያ ምን? ቀሪውን አላስታውስም። ሰው ሲሞት ከነግማሽ ዓረፍተ ነገሩ ነው የሚሄደው።

ይህን የማስበው ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ጋዝ እሰጠዋለሁ፣ ኤንጂኑ ይጮኻል፣ ጎማው ግን የሰማ አይመስልም። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጡሩምባ... ጥጌን ያዝኩ።

አሮጌው ሞተር ሳይክል የሟች ባለቤቴ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ሰርቪስ በእኛ ሰፈር አያልፍም፤ ለማለዳ ፈረቃ የምደርሰው በእሱ ነው። እሱ ከቆመ ሥራዬም ይቆማል።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ብርሃኑ ግን ፈርዶ ጨርሷል። «ካምቢዮው ከነማርሾቹ አልቋል። ይሸጥ። አንቺም ከከባድ መኪና ጋር መጋፋቱ ይቅርብሽ» አለኝ። እምቢ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ጋሽ ታደሰ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ከኋላቸው የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ከድር። ብርሃኑ ልኳቸው ነው። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አውቃለሁ፣ ለተጣላ ባልና ሚስትም እንዲሁ... ለሞተር ሳይክል ሲላክ ግን ያየሁት በራሴ ነው።

«ልጄ፣ ለክፉ አልመጣንም» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ብርሃኑ ፈርቶልሽ ነው። ገዢ አግኝቷል፤ ሰውየው ደጅ ቆሟል። እሺ በይን።»

ቤትህ ድረስ የመጣን ሽማግሌ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ሻይ ቀዳሁላቸው።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ማለቁን ማን አየ?»

«ብርሃኑ ነዋ» አሉ ሐጂ።

«እንግዲያው እናንተም እዩት።»

ሞተሩን መሀል ግቢ አውጥቼ አስነሳሁት። እንደምንም ትልቁን ማርሽ አስገባሁ፣ የእግር ፍሬኑን አጥብቄ ረገጥኩ፣ ጋዝ እየሰጠሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። «ኤንጂኑን ከጎማው የሚያያይዘው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ደህና ከሆነ ሞተሩ አሁን መጥፋት አለበት» አልኳቸው።

አልጠፋም። ሙሉ በሙሉ ለቅቄውም እዚያው ቆሞ ይጮኻል።

ጋሽ ታደሰ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ማርሽ ይዘልብሻል?»

«አንድም ቀን።»

«የፍሪሲዮኑ ካቦ ተወጥሮ እንዳይሆን።»

«አላልቼዋለሁ። ያው ነው።»

«ታዲያ ካምቢዮው ምን በደለ? የሚያዳልጠው ፍሪሲዮኑ ነው።»

ሐጂ ወደ እሳቸው ዞሩ። «እኛ የመጣነው የማንን ሬሳ ልንቀብር ነው ታዲያ?»

ደጅ ከገዢው ጋር የቆመውን ብርሃኑን ጠራሁት። «ባለፈው ዘይት ስትቀይርልኝ ምን ጨመርክበት?»

«የሚኒባሴን ነዋ። ምርጥ ዘይት ነው፤ ለራሴ ያስቀመጥኩትን እኮ ነው የሰጠሁሽ።»

እውነቱን ነው። ያስፈራኝም ይኸው ነው... ደግነቱ።

«የሚኒባስህ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ዘይት አይነካውም» አልኩት። «የዚህ ግን የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። የመኪና ዘይት ሲያገኝ ያዳልጠዋል።» ከዚያ ከሳሪስ የገዛሁትን የሞተር ሳይክል ዘይት ከአልጋ ስር አወጣሁ። ጠርጥሬ ነበር። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ሽማግሌ ደግሞ ከተቀመጠበት እንዲሁ አይነሳም። «በይ እንግዲህ ባዶ እጃችንን አትመልሺን» አሉ ሐጂ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። ጋሽ ታደሰ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ፈቱ፣ ሐጂ ሳፋ ያዙ። የብርሃኑ ምርጥ ዘይት ጠቁሮ ወረደ።

ብርሃኑ ከአጠገቤ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአዲሱ ዘይትም ባይስተካከልስ?» አለኝ።

«የፍሪሲዮኑን ሸራ አስቀይራለሁ።»

«እሱም ባይሆን?»

«ካምቢዮውን አስከፍታለሁ።»

«አሁንም እምቢ ቢልስ?»

«እየገፋሁት እሄዳለሁ።»

ገዢው ከደጅ አንገቱን አስግጎ «እህ... ተስማማችሁ?» አለ።

በሩን ዘጋሁት።