የሙሽራዋ ሰሌን በማን ስም ይመዝገብ?

አስተርጓሚ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት ማዳም ክሌር ጅቡቲ ከተማ ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ባለው ቢሮዋ ተቀበለችኝና፣ «ሙስዬ ግርማ፣ ቃል አይጨምሩ፣ ቃል አይቀንሱ» አለችኝ። ቀላል መሰለኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደግሁት እዚያው ጅቡቲ ነው። ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት፣ አፋርኛን የአፋሮች ሰፈር ከሆነው ከአርሂባ ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ ለምጃለሁ።

ማዳም ክሌር የሕግ ተመራማሪ ናት። የምታጠናው የአፋር ሴቶች የሰሌን ጥለት በቅርስ ሕግ እንዴት እንደሚጠበቅ ነበር። ሴቶቹን ሳልጠይቅ አልጽፍም ስላለች አርሂባ ሄድን።

ሰሌን ሠሪዋ ፋጡማ በግቢዋ አስቀመጠችን። ታናሽ እህቷ አሻና ጎረቤቶቿም ለገበያ የሚሆን ሰሌን እየሠሩ ነበር።

«ይህ ጥለት የማን ነው?» አለች ማዳም ክሌር፣ ፋጡማ የጀመረችውን ሰሌን ፎቶ አንስታ።

ተረጎምኩ።

«የሙሽራ» አለች ፋጡማ።

«የየትኛዋ ሙሽራ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ግራ ገባኝ። «ባለቤቱን ነው የምትጠይቀው» አልኩ።

«ነገርኳት እኮ!»

ማዳም ክሌር፣ ጥለቱ በባለቤቱ ስም ከተመዘገበ ሕጉ ሌላ ሰው እንዳይገለብጠው ይከለክላል ብላ አስረዳች። አሻ ሥራዋን አቆመች።

«ልጄስ? እያየች ካልገለበጠች በምን ትማራለች?»

«ገበያ ውስጥ ጥለታችንን በላስቲክ ምንጣፍ ላይ አትመው ሲሸጡ አላየሽም?» አለች ፋጡማ። «ይመዝገብ!»

እህትማማቾቹ እኩል ይጮሁ ጀመር። የማንን ልተርጉም?

«ምን አሉ?»

«ተጣሉ፣ ማዳም።»

«በምን?»

«በእርስዎ ጥያቄ።»

ፋጡማ ለአሻ ልጅ ሠርግ የጀመረችውን ሰሌን ጠቅልላ ቤት አስገባች። ሠርጉ ቀርቦ ነበር። ጥናቱ ይህን እንዲያመጣ ማናችንም አላሰብንም።

በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅና ሥራውን ልናቋርጥ ሄድን። አሻ በር ላይ ያዘችን። «አጣልታችሁንማ አትሄዱም። እስክንስማማ ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ጠያቂዎቹ እነሱ ሆኑ፦ ማን ይመዘግባል? የሚፈቅደው ማን ነው? ብንጸጸት ይሰረዛል? ማዳም ክሌር ለአንዳንዱ «አላውቅም» አለች። እኔም ያልገባኝን ደጋግሜ ጠየቅሁ፤ «የሙሽራ» ማለት የምታገባ ሴት ሁሉ ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ለገበያ የሚሠራው ጥለት በሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ስም ይመዝገብ፤ የሙሽራዋ ግን አይጻፍ፣ ፎቶም አይነሳ። ማዳም ክሌር ያነሳችውን ፎቶ ሴቶቹ እያዩ አጠፋች። ፋጡማ ሰሌኑን አውጥታ ዘረጋችና፣ «ነይ፣ በዚያ ጫፍ ያዢ» አለቻት አሻን።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ተመራማሪዎች አስተርጉሜያለሁ። አስተርጓሚ ያልገባውን ነገር እንደገባው ሰው መተርጎም የለበትም።