ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ

አናጢው ዱጉማ ከሰው ጋር የሚጣላው በሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ እርጥብ እንጨት ሲያመጡለትና ሥራውን ሲያበላሹበት። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛው ባሰበት።

ልደታ አጠገብ የነበረውን የቆዳ መጋዘን ጣሊያኖቹ የሬዲዮ መስሚያ አዳራሽ አደረጉትና አግዳሚ ወንበሮቹን እንዲሠራ እሱን አዘዙት። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ደግሞ አንድ ወታደር ከፊተኛው ወንበር በላይ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደተጣላ ሰው አፋጥጦ ቸነከራቸው። የሁለቱ ድምፅ እዚያው ይላተምና ቃሉ ሁሉ ገንፎ ይሆናል። ዱጉማ አንዱን ወደ በሩ እናዙረው ብሎ በአስተርጓሚ ቢለምን «አንተ ወንበርህን ሥራ» ተባለ። ግድግዳው ድምፅ እንዳይመልስ ከየቤቱ ዝተት ብርድ ልብስ ለምኖ ቢሰቅል፣ ከጣሊያኑ ባንዲራ ጋር አያምርም ተብሎ ወረደ። የኋላውን ግድግዳ ብቻ ማንም ስለማያየው ተዉለት።

እሱም በዚያችው ተጠበበ። ሳምንት ሙሉ ሬዲዮው በተከፈተ ቁጥር ወንበር እየጎተተ፣ ጆሮውን እያዘነበለ ሲሞክር ከረመና በመጨረሻ አገኘው፤ ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ፣ በበሩ በኩል። እዚያ የተቀመጠ ሰው እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ግን ማን ይቀመጥበት? የተከበረ ሰው ሁሉ ከፊት ካልሆነ አይሆንለትም። የሰፈሩ ባላባት ቀኛዝማች ሀብተሥላሴ፣ ቄሱ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ሁሉም ማጉያው ሥር ይኮለኮሉና እንደገባው ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲወጡ ግን «ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁት በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ነው። ዱጉማ ይህን ባየ ቁጥር ይበግን ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ከንዴት አለፈ። ጣሊያን አገር ታስረው ከተወሰዱት መካከል ምሕረት የተደረገላቸው ሰዎች ስም እሑድ በሬዲዮ ይነበባል ተባለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። የጎረቤቱ የእመት ወለተሰንበት ባል ኃይለመለኮት ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም።

ዱጉማ ቅዳሜውኑ ቤታቸው ሄደ።

«እመት፣ ከኋላ ሦስተኛው ላይ ይቀመጡ። ማንም ምንም ቢልዎ ከዚያ ንቅንቅ እንዳይሉ» አላቸው።

«እሺ ልጄ» አሉ።

እሑድ ራሱ አስቀመጣቸው። ስሞቹ ሊነበቡ ሲሉ ግን ቀኛዝማች ሀብተሥላሴ ዞር ብለው አዩና ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ባሏን የምትጠብቅ ሴት በር ላይ ትወረወራለች እንዴ? ነውር አይደለም?»

ሰዉ ሁሉ ተነሣ። እጃቸውን ይዘው፣ እየደገፉ፣ ማጉያው ሥር ወሰዷቸው። ዱጉማ «ኧረ እዚያ አይሰማም፣ ተዉአቸው» ቢል፣ «አንተ ደግሞ ከነወንበርህ» ብለው ገፉት። እመት ወለተሰንበትም ያን ያህል ሰው ተነሥቶላቸው እንቢ ማለት ከበዳቸው።

ዱጉማ በብስጭት ባዶው ቦታ ላይ ራሱ ዘጭ አለ። ስሞቹ ይነበቡ ጀመር። አንድ በአንድ፣ ጥርት ብለው ጆሮው ገቡ። ኃይለማርያም ዘለቀ የሚባል አለ። ኃይለመለኮት የሚባል የለም። ዝርዝሩ እስኪያልቅ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ የለም።

ከፊት እልልታው ቀለጠ። እመት ወለተሰንበት ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ ሰው እየሳማቸው ወደ እሱ መጡ።

«ጠራው ዱጉማ። ኃይለመለኮት ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አንተስ ሰማኸው አይደል?»

ዱጉማ ሳምንት ሙሉ የለፋው እንዲህ አጥርቶ ለመስማት ነበር። አሁን ግን ያን ወንበር በመጥረቢያ ቢፈልጠው ደስ ባለው።

«እኔ እንኳ ከኋላ ነበርኩ» አለ።

«እዚያማ ምን ይሰማል» አሉ ቀኛዝማች። «አንተን ብንሰማ ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር።»

እመት ወለተሰንበት እጁን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«አልጋችን እግሩ ከወለቀ ቆይቷል። እኔማ መሬት ለምጃለሁ። እሱ ግን ወገቡን ያመዋል። ነገ መጥተህ ትሠራልኛለህ?»

«እመጣለሁ እመት» አለ ዱጉማ።