አባዬ፣ ፎቶዋና የሸሸው ሐይቅ

ዛሬ አቢጃታ ፓርክ ውስጥ አባቴ ከተከራየነው መኪና ሾፌር ጋር ተጣላ። «መንገድ ስተሃል፤ ሐይቁ እዚህ ጋ ነበር» ይላል፣ ደረቁን መሬት በከዘራው እየመታ።

አባዬ ሰሞኑን ነገር ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቤቱ ጠፍቶበት ጎረቤት ነው ያመጣልን።

ፓርኩን ላሳየው የወሰድኩትም ለዚሁ ነው። በወጣትነቱ እዚያ ውሃው ዳር የተነሳት ፎቶ አለችው፤ ቦታውን ሲያየው ያስታውሳል ብዬ።

«በቃ አባዬ፣ ተሳስተሃል» አልኩት፣ ያውም ሰው ፊት።

የፓርኩ ጠባቂ ስካውት ፎቶዋን ከአባዬ ተቀብሎ አያትና «አልተሳሳቱም። ውሃው እስከዚህ ድረስ ነበር፣ ሸሽቶ ነው» አለኝ። በጣቱ ያሳየን ውሃ ከሩቅ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል።

ሰጎን ልናይ ሄደን እኔ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ሀና ማርያም ስንገባ አባዬ በመስኮት አየና «ይሄ የኛ ሰፈር ነው?» አለኝ።

አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን የፈረሱትን ቤቶችና አዲሱን አስፋልት ሳይ እኔም ሰፈሬን መለየት አቃተኝ።

«ረሱ» የተባሉ ወላጆቻችሁ ልክ ሆነው የተገኙበት ቀን ካለ ጻፉልኝ። አባዬ ረስቷል ብዬ ከማመኔ በፊት መስማት እፈልጋለሁ።