ለሊማሊሞ የተቀመጠ ጠርሙስ

ወንድሜ ሲሞት ለአባቴ መቃብሩ ቀረላቸው፣ ለእኔ ደግሞ ማኪናዋ። መቃብሩ ዛሪማ፣ ቆላ ነው። ማኪናዋ ጎንደር፣ ግቢያችን ውስጥ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ የጣሊያን የድሮ ማኪና ስትሆን እሱ ሲገዛት ዶሮ ይተኛባት ነበር። ሞተሩን ብሎን በብሎን ፈትቶ ራሱ ሠራው። ፒስተኑን ቀየረ፣ ካርቡራተሩን ሁለት አደረገው፣ ጠዋት ሲነሣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስጮኽ ጉድ አድርጎ አስቀመጠው። ልብሱ ለቆሎ ተማሪዎች ስለተሰጠ ከእሱ የቀረኝ ያ ሞተር ብቻ ነው። በነካኋት ቁጥር ሞተሩን እንዳላበላሸው እፈራለሁ፤ ከተበላሸ ወንድሜን ሁለተኛ የምቀብረው ይመስለኛል።

ማብላቱ ግን ጣጣ ነው። እዚህ አገር ቤንዚን አንድ ዓይነት ነው፤ ማደያው ካለው ይሰጥሃል፣ ከሌለው ወረፋህን ይዘህ ታድራለህ። ወንድሜ ግን ስለ ኦክቴን ሲያወራ አይጠግብም ነበር። «ኦክቴን ማለት የቤንዚን ትዕግሥት ነው» ይለኛል። «ይህ ሞተር አጥብቆ ይጨምቃል። ትዕግሥተኛ ቤንዚን እሳቱ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ትዕግሥት የሌለው ግን ተራው ሳይደርስ ይፈነዳና ፒስተኑን በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል።» ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጠግቦ አይተነፍስም፣ ስለዚህ ተራው ቤንዚን ይበቃዋል። ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ወፍራምና ትኩስ ነው። «የደጋ ልጅ ናት፣ ቆላ እንዳታወርዳት» ይል ነበር። እሱ ራሱ ዛሪማ ለመንገድ ሥራ ማሽን ጥገና ሲወርድ በአውቶቡስ ነበር የሚሄደው። እዚያው ወባ ያዘው። ያን ክረምት ናዳ የሊማሊሞን ዳገት ዘግቶት ስለነበር ሬሳውን ማውጣት አልተቻለም፤ እዚያው ተቀበረ።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ጆሯቸው ግን አይጣል ነው። ተማሪው ሁሉ ባንድ ላይ እየጮኸ ማን እንደሳተ ለይተው፣ በስሙ ጠርተው ይቆጡታል። ወንድሜ ልጅ ሆኖ ከሁሉ የሚበልጥ ተማሪያቸው ነበር፤ መቋሚያውን ጥሎ ጋራዥ የገባ ዕለት ነው ቤታችን የቀዘቀዘው። ከሞተ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔና እሳቸው ስለ እሱ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ቀን ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ በር ላይ እንደቆሙ፣ «አጽሙን ላመጣው ነው፤ ከዛሪማም ከዚህም ደብር ፈቃድ አግኝቻለሁ» አሉኝ።

«ሚኒባስ እንከራይ» አልኋቸው።

«ምነው? እሱ የሠራት እያለች በሰው ማኪና ይምጣ?»

ከእሳቸው ጋር ማን ይከራከራል!

ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጠርሙስ ነበር። የቤንዚንን ኦክቴን ከፍ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው፤ ወንድሜ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ያመጣው። ላዩ ላይ በእጁ ጽሑፍ «ለሊማሊሞ» ይላል። እኔ ብልጡ ደባርቅ ላይ ቆሜ ጥርግ አድርጌ ታንከሩ ውስጥ ጨመርሁት። እኛ ደገኞች የምንፈራው መውረዱን ነው። ቆላ የሚወርድ ሰው ይሳለማል፣ ነጭ ሽንኩርት ይይዛል፣ ይሰናበታል፤ ሲመለስ ግን ማንም ምንም አይለውም። ወንድሜንም የበላው መውረዱ ነው ብዬ መድኃኒቱን ለመውረጃ አዋልሁት። ቁልቁለት ላይ ሞተር ምን ይሠራል? ምንም አይሠራም፣ ፍሬን ነው የሚሠራው፤ ጠርሙሱ የተቀመጠው ለመውጫው ነበር። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ዛሪማ በደህና ወረድን። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው አጽሙ ወጣ፤ ታጥቦ፣ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ በትንሽ የዋንዛ ሣጥን ተደረገ። አባቴ ሣጥኑን በስንዝር ለኩት። ከእኔ ይረዝም የነበረውን ሰው። ለክተው ሲጨርሱ አንዴ ደግመው ለኩ። ዕቃ መጫኛው ስላልበቃው ሣጥኑን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን በነጠላቸው አሰርነው።

ቤንዚኑ እያለቀ ነበር። ማደያው ባዶ ነው፤ አንድ ሱቅ በር ላይ ግን ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ጠብ አድርጌ በጣቴ አሸሁት። ንጹሕ ቤንዚን ቀዝቀዝ ብሎ ወዲያው ይደርቃል፤ ይኸኛው ግን ቅባት ጥሎ ቀረ።

«አያ፣ ይህ ነጭ ጋዝ አለበት» አልሁት ባለሱቁን።

«ሸጋ ቤንዚን ነው። ባጃጁ ሁሉ በእሱ አይደል የሚሄድ?»

ለባጃጅማ ይሆናል። ግን ምን ምርጫ አለኝ? በማግሥቱ ማለዳ ጎንደር ላይ ቅዳሴና ቀብር ተዘጋጅቷል፣ አባቴ ማኪናዋ ውስጥ በሙቀት ተቀምጠዋል። ጀሪካኑን አንሥቼ ታንከሩ ውስጥ ቀዳሁ።

ሊማሊሞን ስንጀምር ገና ከሰዓት ነበር። ትንሽ እንደወጣን ጉሙ ከላይ ወረደብንና መንገዱ ከፊቴ ጠፋ። ገደሉ በቀኝ ይሁን በግራ የማውቀው በጎማው ድምፅ ነው። አባቴ ዳዊት ይደግማሉ። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ነዳጁን ረገጥ አደረግሁ፤ ያን ጊዜ ጀመረ። ቀጭን፣ ችኩል፣ የብረት ኳኳታ። ከፊት፣ ከሞተሩ መምጣት ነበረበት፤ ግን ድንጋዩ እየመለሰው ነው መሰለኝ፣ የሚሰማው ከኋላ ወንበር ነበር።

አባቴ ዳዊታቸውን አቋረጡ።

«ስማ» አሉኝ። «ከኋላችን ማነው የሚያንኳኳው?»

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባለሱቁንም ጀሪካኑንም አውቃለሁ። ቢሆንም በመስተዋቱ ወደ ኋላ ለማየት ወኔ አጣሁ። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሣሁ። ኳኳታው ቆመ።

«ተወ» አሉ አባቴ፣ እጃቸው ላይ ያለ ነገር እንደተነጠቀ ሰው።

እውነቱን ልናገር፣ እዚያው ላይ ነገሩን ማቆም እችል ነበር። በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን አጥብቄ ሳልረግጥ፣ ማታም ቢሆን ደባርቅ እገባለሁ፤ ሞተሩ ይተርፋል። ወደ አባቴ ዘወር ስል ግን ፊታቸውን አየሁት። አንገታቸውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ሰባት ዓመት ምንም አልሰሙም፣ አሁን ሰሙ። እንዴት ብዬ ነው ነጭ ጋዝ ነው የምላቸው? ረገጥሁት።

ተመለሰ። አባቴ በመዳፋቸው ጉልበታቸውን እየመቱ አብረውት ሄዱ፣ ማኅሌት ላይ እንደቆሙ ሁሉ። እኔ በረገጥሁ ቁጥር ወንድሜ የሠራው ፒስተን እየተቀጠቀጠ ነው፤ ምቱ በእግሬ በኩል ይሰማኛል። የሙቀቱ መርፌ ቀዩን አለፈ። አንድ መታጠፊያ ላይ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ከጉሙ ወጡ። እኔንም አባቴንም አላዩም። የኋላ ወንበሩን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ጉሙ መልሶ ዋጣቸው። አለቀስሁ። አባቴ አያዩኝም ብዬ እንባዬን እንኳ አልጠረግሁም።

ደባርቅ መግቢያ ላይ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳር ይዤ ቆምሁና ቁልፉን አጠፋሁ። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉን ነቀልሁት፤ ያው ነው። ቁልፉ መዳፌ ላይ ነው፣ ሞተሩ ግን እየተንገጫገጨ ያንኳኳል። ፒስተኑ ሲግል ቤንዚኑን ያለ እሳት እንደሚለኩሰው ወንድሜ ራሱ ነግሮኝ ነበር፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ያም ሆኖ ወደ ኋላ ዞርሁ። የሞተሩ ጭስ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጉሙም ገባ፣ ሣጥኑ በነጠላው ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ዳሽቦርዱን ደገፉት።

«በቃህ ልጄ» አሉ። «ወጥተናል።»

ጠፋ። ድጋሚ አልተነሣም። በኋላ ሲፈታ አንዱ ፒስተን ተበስቶ ተገኘ።

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጭሱን አስወጣሁ። ከዚያ አባቴ፣ «ምነው እግርህን ያላነሣኸው?» አሉኝ።

«ምን?»

«ሲያንኳኳ እግር ይነሣል። ወንድምህ እዚህች ወንበር ላይ አስቀምጦ ነግሮኛል። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን ከመሪጌታው ቀድሞ እንደሚገባ ተማሪ ነው ብሎ አሳቀኝ። አሰምቶኝም ያውቃል፣ አንድ ጊዜ።»

ወንድሜ እሳቸውን ይዞ እንደወጣ እንኳ አላውቅም ነበር። የት ሄደው ይሆን?

«እንግዲያ ምነው ዝም አሉ?» አልኋቸው።

«መጀመሪያ እኔም እሱ መስሎኝ ነበር፤ እግርህን ስታነሣ ሲቆም ነው ሞተሩ ነው ብዬ የጠረጠርሁት። መልሰህ ስትረግጠው ግን፣ እሱ መስሎህ ነው አልሁ። አውቀህማ ሞተሩን አትገድለውም፣ እንደ ዓይንህ ብሌን ነው የምታየው። ልንገርህ ብዬ አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«እኔ እኮ እርስዎ እንዲሰሙት ብዬ ነው።»

አባቴ እጄን ፈለጉ፤ ቁልፉ ላይ ጨብጠው ያዙኝ። ሳቃቸው መጣ፣ ከሳቁ መሀል ለቅሶ መጣ፣ እኔም እንደዚያው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ ሣጥን ይዘን፣ በሞተች ማኪና ውስጥ። ከዚያ ወጥቼ ደወልሁ፤ ሚኒባስ ከዳባት እንደሚመጣ ነገሩኝ። ተመልሼ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

«የት ነበር የሄዳችሁት?» አልኋቸው።

«ወለቃ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ማሰሮ ልግዛልዎ ብሎ» አሉ አባቴ። ሚኒባሱ እስኪመጣ ድረስ ስለ እሱ አወራን።