ጎማ ቆራጯ ማራኪ

ጎረቤቴ ማራኪ የዳምቦያ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና የገባችው በትዳር ነው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ኑሮዋ ያረጀ ጎማ ሆነ። ጋራዦች የጣሉትን የአይሱዙ ጎማ ደጇ ታስመጣና ቢላዋዋን ውኃ ውስጥ እየነከረች ትሰነጥቀዋለች፤ ደረቅ ቢላዋን ጎማው ይይዘዋል እንጂ አይሄድም። ከጎማው በረባሶ ይወጣል፣ የውኃ መቅጃ ይወጣል፣ ከቁርጥራጩ የበር ማጠፊያ ይሠራል። የሰፈራችን ገበሬ ሁሉ ጭቃውን የሚሻገረው በእሷ ጫማ ነው።

ታዲያ ምን ይሏታል? «ፋቂ»። በእኛ አገር ቆዳ የሚያለፋ ሰው ከጥንት ጀምሮ የተናቀ ነው፤ አብሮት የሚበላ የለም፣ ልጁንም የሚያጭ የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁላችንም ወንድማማች ነን፣ ጋብቻ ሲነሣ ግን የድሮው ነገር ብቅ ይላል። እስቲ ጎማ ከየትኛው በሬ ነው የተገፈፈው? ደግሞስ ቆዳ ብታለፋ ምን ነውር አለበት? ይህ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

ባለፈው ዓመት ልጇን ቤቴልን ምስክር ለሚባል ልጅ ሊጠይቁ ከዱራሜ ሽማግሌዎች መጡ። እኔም ቆጮና ክትፎ አቀራርቤ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እሺ ሳይባሉ እህል እንደማይቀምሱ የታወቀ ነው። የልጁ አጎት አቶ ወልደየሱስ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እህታችን፣ ልጅሽን ወደናታል። ምስክርም ከእሷ ሌላ አላገባም ብሏል። አንድ ነገር ብቻ፣ ይህን ሥራ ተዪልን። ዘመድ ምን ይላል?»

«ምን ይላል ጋሼ?»

«የፋቂ ልጅ አመጡ ይላላ!»

ማራኪ ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች። ልጇ ምስክርን ምን ያህል እንደምትወደው ታውቃለች።

«አልተወውም» አለች። «ልጆቼን ያሳደግኩበትን ሥራ በልጄ ሠርግ አላፍርበትም።»

ይኼኔ ቤቴል ከጓዳ ወጣች። የምትታጭ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትናገርም፤ እሷ ግን ተናገረች።

«እኔም እቆርጣለሁ ጋሼ። ምስክር ያውቃል። ዱራሜ የምገባውም ቢላዋዬን ይዤ ነው።»

አቶ ወልደየሱስ ብድግ አሉ። «እንሂድ!»

ሌሎቹም ነጠላቸውን ሰበሰቡ። የምስክር አያት አባባ ሆሴዕ ግን አልተነሡም። እጃቸውን ሰደዱ፣ ከቆጮው ቆረሱ፣ ክትፎውን ጠቅለል አድርገው ጎረሱ።

«ቁጭ በል፣ ወልደየሱስ» አሉ እያላመጡ። «ቤተ ዘመድ ሆነናል።»