ሻንጣ ተሸክሜ ካራማራ ላይ

ቅዳሜ፣ ንጋት

ጅግጅጋ ገና ከእንቅልፏ አልተነሳችም። አዛን ካበቃ ጥቂት ቆይቷል፤ ሐረር የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን እያሞቁ ነው። የናፍጣና የእርጥብ አፈር ሽታ ተደባልቆ ይመጣል። እኔ ከአንድ ግራር ሥር ቆሜ ጓደኞቼን እጠብቃለሁ። በቀኝ እጄ ሻንጣ፣ በግራዬ ጃንጥላ ይዣለሁ። ያየኝ ሰው የዓመት ፈቃዱን ወስዶ አዲስ አበባ የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛ ይለኛል። የምሄደው ግን ካራማራ ተራራ ላይ ላድር ነው።

ለዚህ ያበቃችኝ ሲስተር አልማዝ ናት። ጊዜው የሰባዎቹ መገባደጃ ነው፤ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከዚህ በፊት ያገለገልኩት ሽንሌ ነበር። ሽንሌ ከባቡሩ ሐዲድ በቀር ከመሬት ከፍ ያለ ነገር የማይታይበት ሜዳ ስለሆነ እግሬ ዳገት የሚባለውን ረስቶታል። ሆዴ ግን እዚያም እዚህም ያለማቋረጥ አድጓል። ሲስተር አልማዝ በቀደም ክንዴን አስራ ለካችኝና፣

«ጋሽ ታፈሰ፣ ይህ ግፊት ለሁለት ሰው ይበቃል» አለችኝ። «ወይ ከእኛ ጋር ተራራ ይወጣሉ፣ ወይ ጨውና ቅቤ የሚባል ነገር ይሰናበታሉ።»

ተራራውን መረጥኩ። ተራራ ቢያንስ ይታያል፤ ያለ ቅቤ መኖር ግን ምን እንደሚመስል አላውቅም።

እነ ሲስተር አልማዝ በየወሩ ስንቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ይወጡና አንድ ሌሊት ተራራ ላይ አድረው ይመለሳሉ። መሪያቸው መምህር ጸጋዬ ነው፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲራመድ መሬቱን የማይነካ የሚመስል ሰው። ሦስተኛው አብዲ ነው፤ ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ የጨርቅ ነጋዴ። አብዲ አማርኛውን እንደ እኛው ያቀላጥፈዋል፤ «እርስዎ» የሚባለውን ግን ከነጭራሹ አያውቀውም።

ሦስቱም በጀርባቸው የወታደር ሸራ ቦርሳ አዝለው መጡ። አብዲ ሻንጣዬን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ወርያ ጋሽ ታፈሰ፣ ተራራው ላይ ሆቴል ይዘህልናል እንዴ?»

«ቦርሳ ስላላገኘሁ ነው» አልኩ።

የአንዱ ጭነት መኪና ሾፌርም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ሐረር ናችሁ?» አለን።

«አይ፣ ካራማራ ላይ እንወርዳለን» አለ መምህር ጸጋዬ።

«እዚያ ማን አላችሁ?»

«ማንም። በእግር ወጥተን እናድራለን።»

ሾፌሩ ሻንጣዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ረዳቱን አየ። «ከኋላ ጫናቸው» አለው።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

ከተራራው ሥር ያለው ኬላ። አንድ ሃምሳ አለቃ የይለፍ ወረቀታችንን አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከታች ወደ ላይ አነበበው። ድንበሩ ሩቅ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ማደር ማለት ብዙ ትርጉም ነበረው።

«አራት ሆናችሁ ወጥታችኋል፤ ነገ ከመምሸቱ በፊት አራት ሆናችሁ እዚህ ትገኛላችሁ» አለ። ቀጥሎ አብዲን ለብቻው አየና፣ «አንተ አገሩን ታውቀዋለህ፤ የምጠይቀው አንተን ነው።»

አብዲ ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ትንሽ እንደራቅን ግን ፈገግታው ጠፋ።

መምህር ጸጋዬ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ከእግር መንገዱ ማንም አይወጣም። የሶማሊያው ጦርነት ካለፈ ቢቆይም መሬት ውስጥ ምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም። የተለያየ ሰው ደግሞ ባለበት ይቆማል። እኛ ተመልሰን እንፈልገዋለን።»

መውጣት ጀመርን። ቁልቋል፣ እሬት፣ ጥቁር ድንጋይ፣ የግራር እሾህ። ሻንጣውን መጀመሪያ በእጄ ያዝኩት፣ ከዚያ በትከሻዬ፣ ከዚያ በራሴ ላይ፤ በመጨረሻ አብዲ በገመድ ጀርባዬ ላይ አሰረልኝ። መቆለፊያው እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር ማጅራቴን ይኮረኩመኛል። ትንፋሼን ለመሰብሰብ ስቆም እንዳያውቁብኝ «እዩ፣ እንዴት ያለ ውብ አገር ነው!» እያልኩ ወደ ሜዳው እጠቁማለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ዞረው ያዩልኝ ነበር። በኋላ ሲስተር አልማዝ ዞር ሳትል፣ «አይተነዋል ጋሽ ታፈሰ፤ ይተንፍሱ» ማለት ጀመረች።

ቅዳሜ፣ ማምሻ

ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ነፋስ የማይደፍረው አለት ሥር ሰፈርን። ሲስተር አልማዝ ይህን ያህል የከበደኝ ምን እንደሆነ ለማየት ሻንጣውን ከፈተች። ትራስ። ፒጃማ። የቤት ነጠላ ጫማ። የቻይና ፔርሙዝ። ከነማስቀመጫው የብርጭቆ ስኒ። ሬዲዮ።

«ፒጃማ!» አለችና በሳቅ ተንከተከተች።

መምህር ጸጋዬ እንኳ ሳቀ። እኔም ተናድጄ ፒጃማውን ከካፖርቴ ላይ ደርቤ ለበስኩት። እውነቱን ለመናገር ብርዱ ሲመጣ ማንም አልሳቀብኝም።

ሳርዲን በዳቦ በላን፣ ቴምር ተካፈልን። ፀሐይ ወደ ሐረር ተራሮች ስትወርድ የጅግጅጋ ሜዳ ከሥራችን ወርቃማ ሆነ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ጥቂት መብራት ብቻ። ልቤ ከተራራው ጋር የታረቀችው ያኔ ነው።

አብዲ ጉልበቱን አቅፎ ወደ ታች ያያል። «ልጅ ሆኜ የአጎቴን ግመሎች እዚህ ሥር ነበር የምጠብቀው» አለ። «ከጦርነቱ በኋላ ግን ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም።»

«ለምን?» አልኩት።

«ብቻዬን ብወጣ ሌላ ስም ይሰጡታል። ከእናንተ ጋር ስወጣ ሽርሽር ይሉታል።»

መምህር ጸጋዬ ከራሱ ድርሻ አንድ ቴምር አንስቶ ሰጠው።

እሑድ፣ ጠዋት

ስንነቃ ዓለም የለም። ጉሙ ከሜዳው ተነስቶ ተራራውን ውጦታል። የራሴን ነጠላ ጫማ አላየውም፤ ነጠላ ያደረግሁት ደግሞ የአንዱ ጫማዬ ሶል ትናንት ከዳገቱ ጋር ስለቀረ ነው።

ቀስ ብለን፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ መውረድ ጀመርን። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ትንሽ እንደሄድን የሻንጣው ገመድ ተበጠሰና ትራሱ፣ ሬዲዮውና ፔርሙዙ መንገዱ ላይ ተበተኑ። ለመጣራት አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ ለቃቅሜ ቀና ስል ከፊቴ የነበረው የሲስተር አልማዝ ጀርባ የለም።

«ሲስተር! አብዲ!»

ነፋሱ ድምፄን መልሶ አፌ ውስጥ ከተተው።

ትእዛዙ ባለሁበት እንድቆም ነበር። ቆምኩም። ግን ከወደ ቀኝ አብዲ ሲስቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ያ ጎርነን ብሎ የሚቆራረጥ ሳቁ። «መጣሁ!» ብዬ ተከተልኩት። ሳቁ ራቀ፤ እኔም ፈጠን አልኩ። ቁልቁለት ወረድኩ፣ ተንሸራተትኩ፣ ደግሞ ተከተልኩ። አንድ አለት ላይ ስደርስ ጉሙ ሳሳ አለና ሳቂው ታየኝ። ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ነው፤ ቤተሰቡን ከበስተኋላው አሰልፎ በትዝብት ያየኛል።

ወደ እግሬ አየሁ። መንገድ የለም። መሬት ውስጥ ምን እንደቀረ የሚያውቅ የለም የተባለው ትዝ አለኝ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንድ እርምጃ መውሰድ አልቻልኩም። ሻንጣዬን አቅፌ፣ በፒጃማ፣ እንደ ችካል ተተክዬ ቀረሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሞትን ነው። ቀጥሎ ግን ያ ሃምሳ አለቃ ትዝ አለኝ። ሦስት ሆነው ይደርሳሉ። አራተኛው የት ገባ ሲባል ድንበር ተሻገረ ይባላል። ማን አሻገረው ሲባል ደግሞ አብዲ አለ። እናቴን ጠርቼ ማልቀስ የጀመርኩት ይህን ጊዜ ነው።

እሑድ፣ ቀትር

ጉሙ ሲገፈፍ ከታች በኩል ሁለት አህያ የምትነዳ ሴት ብቅ አለች። ጠና ያለች፣ ረጅም፣ ቀይ ጋርሳ የተከናነበች። አህዮቹ የወተት ዕቃ ተጭነዋል።

የማውቀው ሶማሊኛ ጥቂት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። «ናበድ! ኤዶ! ቢዮ! ጅግጅጋ!» ሰላም፣ አክስቴ፣ ውሃ፣ ጅግጅጋ ማለቴ ነው።

ሴትዮዋ አህዮቿን አቁማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። አንድ ረጅም ነገር ጠየቀችኝ። አልገባኝም፤ «ሃ»፣ አዎ፣ አልኩ። ሌላ ጠየቀችኝ። እሱንም «ሃ» አልኩ። ራሷን ነቅንቃ ወዳለሁበት ወጣችና ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። ጠጥቼ እንደገና አለቀስኩ። ሻንጣውን ከእጄ ነጥቃ አንደኛው አህያ ላይ ሰቀለችው። እኔም መቀመጥ የምችል መስሎኝ ወደ ሌላኛዋ ጠጋ ስል በያዘችው በትር እጄን መታ አደረገችኝ። አህያዋ የያዘችው ወተት ነው።

ከኋላ ተከተልኳቸው። አህያዋ የረገጠችበትን ብቻ ነው የምረግጠው። አህያዋ አጭር ትራመዳለች፣ እኔም አጭር። አህያዋ ትዘላለች፣ እኔም እዘላለሁ። ሴትዮዋ ዞር ብላ ይህን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሆን ብላ አህዮቹን ድንጋይ እያዘለለች ሳትነዳቸው አልቀረችም።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አህዮቹን እዚያ ለሚጠብቃት ዘመዷ ተወችና ወተቷን ጭና ወደ ጅግጅጋ በሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ክንዴን ይዛ እኔንም ጫነችኝ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ኬላው ጋ ሁሉም ተሳፋሪ ወረደ። መጀመሪያ ያየሁት ሲስተር አልማዝን ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። መምህር ጸጋዬ አጠገቧ ቆሟል። ሲፈልጉኝ ቆይተው ጉሙ ከተገፈፈ በኋላም ስላላገኙኝ ራሱ መጥቶ አመልክቷል። አብዲ ለብቻው፣ ከአጥሩ ማዶ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀበቶውንና ጫማውን አስፈትተውታል።

«ጓድ ታፈሰ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«አቤት፣ ነኝ።»

«የት ነበርክ?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። እንዲህ ያለ ጊዜ ኩራት ከየት እንደሚመጣ እንጃ። «ጉሙ ጋረደንና ተለያየን» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ። «እኔ ግን አልተደናገጥኩም። ፀሐይዋን አይቼ አቅጣጫ ለይቼ በሌላው ጎን ወረድኩ።»

«ጉም ነበረ ብለሃል።»

«አዎ።»

«ፀሐይም ነበረች?»

ሲስተር አልማዝ ዓይኗን ጨፈነች።

«አቅጣጫ የሚለይ ሰው እንዴት ነው ከጓደኞቹ የሚጠፋው?» ድምፁ ቀዘቀዘ። ወደ አብዲ በጣቱ ጠቆመ። «ወይስ እዚያ ማዶ የሚቀበልህ ሰው ይህኛው አዘጋጅቶልህ ነበር?»

አብዲ ቀና ብሎ አየኝ። ኩራቴ ያን ጊዜ ወልቆ ወደቀ።

«ዝንጀሮ ተከትዬ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«አብዲ የሚስቅ መስሎኝ ዝንጀሮ ተከተልኩ።» ሁሉንም ዘከዘክኩት። የሻንጣውን ገመድ፣ ትራሱን፣ ፒጃማውን፣ እናቴን ጠርቼ ማልቀሴን። ያላመነኝ ሲመስለኝ አህያ እየተከተልኩ እንዴት እንደወረድኩ እዚያው አስፋልቱ ላይ እየዘለልኩ አሳየሁ። ወተት ሻጯ ከመኪናው አጠገብ ሆና በሶማሊኛ አንድ ነገር ጮኸች፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ተረጎመው።

«'ውሃ ስሰጠው እንኳ አለቀሰ' ትላለች።»

ሃምሳ አለቃው ካፖርቴን፣ ከላዩ ላይ የደረብኩትን ባለ መስመር ፒጃማና ነጠላ ጫማዬን በየተራ ተመለከተ። ሳቁን በሳል ሊደብቀው ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነና ትከሻው ተርገፈገፈ።

«ይሄ ሰው እንኳን ድንበር ሊሻገር መንገድም ቢሻገር እጁን ያዙት» ብሎ ወረቀታችንን መለሰ። «የሰውየውን ጫማ ስጡት።»

እሑድ፣ ማምሻ

መኪናው ላይ አብዲ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ የያዝኳት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ በየጉድጓዱ ስንዘል ግማሿ እየቀረች፣ ከተማ ስንገባ «አብዲ...» ብቻ ቀረችኝ። እሱ ግን የጫማውን ማሰሪያ ደጋግሞ ያጠብቃል።

ወሬው ቀድሞን ገብቷል። የአብዲ በር ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ባለቤቱ ሐሊማ ከደጃፉ ቆማለች። ስታየው ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ፊቱን በእጇ ዳበሰች። ቀጥላ ወደኛ ዞረች። ከአልማዝና ከጸጋዬ ጀርባ ለመደበቅ ሞከርኩ፤ እንደኔ ላለው ሰው ቀላል አይደለም።

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኳት።

«ገብተህ ተቀመጥ» አለች።

ሩዝ ከነሙዙ፣ ሥጋ፣ ሻሂ በወተት ቀረበ። ሲስተር አልማዝ ሳህኔን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችልኝ። አብዲ እስኪጠግብ በላ። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ጀርባውን ትራስ ላይ አስደገፈና ለቤተሰቡና ለጎረቤቱ በሶማሊኛ ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ በቀስታ ነበር። ቀጥሎ ተነስቶ ቆመ። ሻንጣ ተሸከመ፣ አለት ላይ ተንሸራተተ፣ እንደ ችካል ተተከለ፣ አህያ እየተከተለ ክፍሉን ዞረ። ሐሊማ ዕንባዋን በጋርሳዋ እየጠረገች ትስቃለች። የመምህር ጸጋዬ ሻሂ በአፍንጫው ወጣ።

ከሚናገረው ከስሜ በቀር አንድም ቃል አልገባኝም። ስሜ በተጠራ ቁጥር ግን ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ።